በባቡር ጎማ ካርታ መጫወት ይቻላል?

የለገሃሩ፦ ለገሃር አሮጌው ጣቢያ ጋ ማኪያቶ እየጠጣሁ አንድ የካርታ ጨዋታ መጣልኝ። የእንፋሎት ባቡር ጎማ ከፊት፣ ከመሃል፣ ከኋላ ተብሎ ይቆጠራል አይደል? 4-6-2 ፓሲፊክ፣ 2-8-2 ሚካዶ ይባላል። ሦስት ካርታ ደርድሮ ትክክለኛ ባቡር የሠራ ይዘጋል። ነጥቡን ግን በምን ልስጥ?

ፒያሳ፦ በመሃለኞቹ ነዋ! ፒስተኑ የሚያዞረው እነሱን ነው፤ የፊትና የኋላዎቹ ክብደት ይሸከማሉ እንጂ አይጎትቱም። ዜሮም ካርታ ይኑረው፣ 0-6-0 አለ እኮ።

የለገሃሩ፦ ዜሮዋን ረስቻታለሁ! ጆከርስ?

ካዛንቺስ፦ ጆከሩ ፈረንሳይ ይሁን። እነሱ የሚቆጥሩት ጎማ ሳይሆን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ዘንግ) ስለሆነ 4-6-2 እነሱ ጋ 231 ነው። እና ጆከር የተጣለበት ሰው ነጥቡ በግማሽ ይወርዳል። ቢግ ቦይ የሚባለውን ግዙፍ የአሜሪካ ባቡር ግን አውጣው፣ 4-8-8-4 ስለሆነ አራት ካርታ ይበላል።

የለገሃሩ፦ ኧረ እሱማ አይወጣም፣ ለሱ ብዬ ነው የጀመርኩት!