«አባቱን በዝምታ የቀበረ»፦ የተዝካር ክርክር ከባሕር ዳር

የሽምብጥ ልጅ
ባለፈው እሑድ በሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ የድንኳን ጉዳይ ሲነሣ፣ አንድ የተከበሩ አባት ብድግ ብለው «ልጆቻችሁን ምከሩ፤ አባቱን በዝምታ የቀበረ ልጅ እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል» አሉ። ስሜን አልጠሩም፤ ነገር ግን የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረና ቀና ማለት አቃተኝ። አባቴ ባረፈ በአርባኛው ቀን ያደረግነው ይህ ነው፦ ጸሎተ ፍትሐቱ ተደረሰ፣ ቅዳሴው ተቀደሰ፣ እናቴና እኅቶቼ ሌሊቱን ሲጋግሩ ያደሩትን ስምንት ድፎ ዳቦ በቤተ ክርስቲያኑ በር ለተቀመጡት ነዳያን በእጃችን እየቆረስን አደልን፤ ከዚያም ለካህናቱና ለቅርብ ዘመድ በቤታችን ምሳ አቀረብን። ድንኳን አልተጣለም፤ በሬም አልታረደም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለታመመ ሰው መድኃኒት ስንገዛ ላሟን ከነጥጃዋ ሸጠናል። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ዝምታ የተባለው የቱ ነው?

ዘጌዋ
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ የአባትህንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልህ። ቃሉ ከባድ ነው፤ በስብሰባ መካከል መነገሩም ትክክል አይደለም። ነገር ግን ከቃሉ ጀርባ ያለውን ነገር እንዲሁ አትጣለው። በእኛ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ የምንኖረው በቡናና በጌሾ ነው፤ ስለዚህ የተዝካሩ እህል ከባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ በገንዘብ ተገዝቶ ሐይቁን ተሻግሮ ይመጣል። እንዲያም ሆኖ እናቴ ስትሞት የሰፈሩ ሴቶች ቀኑ ሳይደርስ ቀድመው ቤታችን ገቡ። አንዷ ጋኑን በወይራ ስታጥን፣ ሌላዋ ጌሾ ስትወቅጥ፣ ሁለቱ ደረቆቱን በምጣድ ሲያምሱ፣ አፋቸው ከእናቴ ስም አልተለየም ነበር። በየትኛው ዓመት የማንን ልጅ እንዳዋለደች፣ ከማን ተጣልታ ከማን እንደታረቀች፣ እኔ ልጇ ሰምቼው የማላውቀውን ሁሉ የሰማሁት በዚያ ጭስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሽማግሌው ዝምታ ያሉት ይህ የቀረበትን ቤት ይመስለኛል።

የሽምብጥ ልጅ
እኅቶቼም ሊጡን ሲያቦኩ ስለ አባቴ ሲያወሩና ሲያለቅሱ ነው ያደሩት። ሙታን የሚነሡት በጋን ቁጥር ከሆነ ንገሪኝ። ዝምታ አልነበረም፤ ያልነበረው ድግስ ነው።

ጠበቃው
ለክርክሩ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1014 ከሟች ውርስ ላይ ዕዳ ሲከፈል የቀብር ወጪ ከሁሉ እንዲቀድም ያዝዛል። አንቀጽ 1015 ግን ለሟቹ መታሰቢያ፣ ማለትም ለተዝካር የወጣው ወጪ ከቀብር ወጪ አይቆጠርም ይላል። ይህ የተጻፈው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ተዝካር የቤተሰብ ክብር መለኪያ በነበረበት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ። ሕግ አውጪው የሀገሩን ወግ አላጣውም፤ ሬሳን በክብር መቅበር ግዴታ መሆኑን ተቀብሎ፣ ድግሱን ግን በደጋሹ ፈቃድ ላይ ተወው። ስለዚህ ተበድሮ ተዝካር ያወጣ ልጅ ከሌሎች ወራሾች ቀድሞ ከውርሱ አንሥቶ ሊከፍል አይችልም። ወንድማማቾች አባታቸውን ቀብረው ሳይውሉ ሳያድሩ በዚህ ወጪ ተካስሰው ሲቆሙ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ዘጌዋ
ሕግ ስለ ዕዳ ይናገራል፤ ስለ ሰው ዓይን ግን አይናገርም። ይህ ልጅ የተጎዳው በዓይን ነው።

የቆሎ ተማሪ የነበረ
ሁላችሁም ተዝካርን ከደጋሹ በኩል ብቻ ታዩታላችሁ። እኔ ከበዪው በኩል ልናገር። በጎጃም ቅኔ ቤት ስማር አኩፋዳዬን አንግቼ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ነው ያደግሁት። ውሻ ነክሶኛል፤ የደረቀ ቁራሽ በውኃ አርሼ በልቻለሁ። እኔና ጓደኞቼ ትኩስ እንጀራ በክክ ወጥ የምንበላው፣ ጠላም የምንቀምሰው፣ ተዝካር ባለበት ቀን ነበር። ዛሬ መቅደስ ከሚያገለግሉት ካህናትና ከመሪጌቶቹ ብዙዎቹ የዚያ እንጀራ ልጆች ናቸው። «ድግስ ይቅር» የሚለው ሰው የአብነት ተማሪውን ማን እንደሚመግበው አብሮ ይንገረኝ። ደግሞም መጽሐፈ ጦቢት በምዕራፍ 4 አባት ልጁን በጻድቃን መቃብር ላይ እንጀራውን እንዲያፈስስ ያዝዘዋል። ይህ የገበሬ ወሬ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበለው መጽሐፍ ነው።

የኅዳር 11 እናት
መሪጌታ ልበልዎት፣ ያነሡትን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ቢያነቡልን ጥሩ ነበር። ጦቢት ልጁን የሚመክረው «ስሞት ቅበረኝ፣ እናትህንም ዕድሜዋን ሙሉ አክብራት» በማለት ጀምሮ ነው። ወረድ ብሎም ብዙ ካለህ እንደ ብዛቱ ስጥ፣ ጥቂት ካለህ ከጥቂቱ ለመስጠት አትፍራ ይላል። ይህ ልጅ ከጥቂቱ ሰጥቷል፤ ስምንት ድፎ ዳቦ ለነዳያን ቆርሷል። እናቱም በሕይወት አለች። ለድግስ ተበድሮ ቢሆን ኖሮ ዕዳውን አብራው የምትከፍለው እርሷ ነበረች። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ካሉት ትእዛዞች አንዱን አንሥተን ሌላውን የምንተወው ለምንድን ነው?

የቆሎ ተማሪ የነበረ
እኅቴ፣ ልጁን አልወቀስኩትም፤ የሰጠውም ሰማይ ይደርሳል። የኔ ክርክር ያለው ሰው በእርሱ ስም ተሸሽጎ እንዳይነፍግ ነው። ባለ ፎቁም «እኔም እንደ እርሱ በዝምታ ቀብሬያለሁ» ማለት ጀምሯል።

ከበዛዊት ሥር
ይህኛው ነገር እውነት ነው፤ ግን የባለ ፎቁ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ እንይ። ለልጁ ሰርግ ሦስት ድንኳን ይጥላል፤ በማግስቱ ለመልሱ ሌላ ድግስ ይደግሳል፤ ልጁ ወንድ ከተወለደ በአርባ፣ ሴት ከተወለደች በሰማንያ ቀን ክርስትና አንሥቶ ደግሞ ሰፈሩን ይጠራል። ሰው ከማሕፀን እስከ መቃብር በአርባ ይቆጠራል፤ በየአርባው ላይ ድግስ የጫንነው ግን እኛው ነን።

ዘጌዋ
ሰርግን ከተዝካር አታቀላቅሉ። በሰርግ የተጠራ ሰው ለሙሽሮቹ ይጨፍራል፤ በተዝካር የተጠራ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ይወጣል። ዘመድ የሌለው ሰው ይህን «ነፍስ ይማር» እንዴት እንደሚመኘው ልንገራችሁ። በሰፈራችን መካን የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ። ዓመት በዓመት ከቡናቸው ሽያጭ ጥቂት ጥቂት እየለዩ በሙዳይ ሲያስቀምጡ ቆይተው፣ ገና በእግራቸው እየሄዱ ሳለ የቁም ተዝካራቸውን አወጡ። ነጭ ለብሰው በር ላይ ቆመው፣ እያንዳንዱን እንግዳ በእጃቸው እያስገቡ፣ «በልተህ ነፍስ ይማር በለኝ፤ ስሞት አልሰማህም፣ አሁን ልስማህ» ይሉ ነበር። በዚያን ቀን ያላለቀሰ ሰው አላየሁም። ድግስ ከንቱ ነው ለምትሉኝ፣ እኔ እኒያን እናት ከንቱ ማለት አልችልም።

የኅዳር 11 እናት
እኔም አልላቸውም። ነገር ግን እሳቸው በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ገንዘባቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ነው ያወጡት። በስብሰባ ላይ ማንም ቆሞ አልገሠጻቸውም። ተዝካርን ያከበሩት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ በነቀፋ የሚወጣ ተዝካር ግን ለሟቹ ምን ይጨምርለታል?

ጎረቤታችሁ
ሙስሊም ነኝ፤ ለዘመናት አብረን ስለኖርን ጣልቃ መግባቴን ይቅር በሉኝ። ነቢያችን የአጎታቸው ልጅ ጃዕፈር በሞተ ጊዜ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራላቸው አዝዘዋል፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ በኀዘን ተይዟል። የእኛም ሰዎች ሰደቃ እያሉ ኀዘንተኛውን ሲያስደግሱት አያለሁና በእናንተ ላይ ብቻ አልፈርድም። ነገር ግን የሽምብጡ ወንድሜ አባት ሲሞቱ እናንተ ዕድርተኞች ንፍሮና እንጀራ ይዛችሁ ገብታችሁ ነበር። በሦስተኛው ቀን ያጎረሰው እጅ በአርባኛው ቀን ለምን ሒሳብ ይጠይቃል?

ከዚያው ዕድር
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቻለሁ። ያን ቃል የተናገሩት አባቴ ናቸው። ወንድሜን በሰው ፊት ማሳፈራቸው ትክክል አልነበረም፤ በእርሳቸው ስም እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩአቸው አንድ ነገር ልንገራችሁ። አያቴ ሲሞቱ አባቴ ገና ጎረምሳ ነበሩ። ለተዝካሩ እህል በአራጣ ተበድረው፣ ሦስት መኸር ሙሉ ያጨዱትን ለአበዳሪው እየሰፈሩ፣ እናቴን ለማግባት የቆረጡትን ቀን አሳልፈዋል። በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻውን ቁና ሲሰፍሩ ከአውድማው ላይ ተንበርክከው ማልቀሳቸውን ራሳቸው ነግረውኛል። አሁን አንድ ወጣት «ያ ሁሉ አያስፈልግም ነበር» ብሎ በሰላም ሲኖር ሲያዩ፣ ሦስቱ ዓመታቸው በከንቱ የፈሰሰ ይመስላቸዋል። የተቆጡት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሽምብጥ ልጅ
ወንድሜ፣ ይህን በመጻፍህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱ ዓመታቸው በከንቱ ፈሰሰ አላልኩም፤ ወደ ፊትም አልልም። አባቴና አባትህ አብረው ጽዋ የጠጡ ማኅበርተኞች ናቸው፤ እኔም እጃቸውን ስሜ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ነገር ግን እናቴ ቃሉን ከሰማች ወዲህ ወደ ሰንበቴዋ መሄድ ትታለች። የኔን ተወው፤ አባትህ ቃሉን በተናገሩበት በዚያው ስብሰባ ላይ፣ ለእርሷ ሲሉ ያንሡልኝ።

ከዚያው ዕድር
ጠይቄአቸዋለሁ። «የተናገርኩትን አላነሣም» ብለውኛል። እናትህን ግን ቤቷ ድረስ ሄጄ እጠይቃታለሁ ብለዋል።

ዘጌዋ
ይሂዱ፤ በሩን ክፈትላቸው።

የኅዳር 11 እናት
ይሂዱ፤ ነገር ግን ቃሉ የተነገረው በስብሰባ ነው። የተሰማው በስድሳ ሰው ፊት ሆኖ ይቅርታው በአንዲት ሴት ጓዳ ሊቀር አይገባም።