«ያልፈራ ሰው አልገባውም» ስለተባለው

አንባቢ፣ ከየካ አባዶ፦
እሑድ ዕለት በንባብ ክበባችን አንድ ታላቅ ወንድማችን ስለ ብራም ስቶከር የደም መጣጭ ጭራቅ ልብ ወለድ ሲያወሩ «ድራኩላን አንብቦ ያልፈራ ሰው መጽሐፉ አልገባውም» ማለታቸው እስካሁን ይከነክነኛል። አንብቤዋለሁ፤ ገብቶኛል፤ አልፈራሁም። ወጣቱ የሕግ ባለሙያ ሃርከር በድራኩላ ግንብ ታግቶ ሳለ ድራኩላ ራሱ እንደ እንሽላሊት በግድግዳው ላይ ቁልቁል ሲሳብ የሚያይባቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች ግሩም ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ጭራቁ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ እያለ እኛ የሰው ማስታወሻ፣ ደብዳቤና ቴሌግራም ስናገላብጥ እንከርማለን። መብራት ጠፍቶ በሻማ ሳነብ ከብሎካችን ጀርባ ጅብ ጮኸ፤ በዚያ ሌሊት የደነገጥኩት በጅቡ ብቻ ነው።

ተናጋሪው ራሴ፦
ብያለሁ፤ አልመለስምም። ጅቡን አይተውታል? አላዩትም፤ ድምፁን ነው የሰሙት። ስቶከርም እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሉሲ የምትባል ወጣት ሌሊት ሌሊት በጭራቁ ደሟ ሲመጠጥ አራት ወንዶች በየተራ ደማቸውን ይሰጧታል። እናቷ ደግሞ ክፍሉ ታፈነ ብለው ጭራቁን እንዲያርቅ የተቀመጠውን የነጭ ሽንኩርት አበባ አውጥተው መስኮቱን ይከፍቱታል። ነጭ ሽንኩርት ቡዳ ያርቃል ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው እዚህ ገጽ ላይ ካልደነገጠ፣ ምን ልበል?

ከቱሉ ዲምቱ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ «አልገባውም» የሚለው ቃል የመምህር አለንጋ እንጂ ክርክር አይደለም። የመስኮቱን ነገር እቀበላለሁ፤ እኔንም አስደንግጦኛል። ጭራቁን የሚያሳድዱትን ሰዎች የሚመራውን የቫን ሄልሲንግን ማለቂያ የሌለው ንግግር ግን ማን ይቀበልልኛል? ያን ያህል አገር ያሳደዱትን ጭራቅስ በመጨረሻው ምዕራፍ በሁለት ቢላዋ፣ በጥቂት መስመር ጨርሰው አቧራ ሲያደርጉት አንባቢ «ይኼው ነው?» ቢል ምኑ ነው ያልገባው?

ከጀሞ፦
አያቴ ቡዳ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ብለው ሲያወሩ አንድም ቴሌግራም ሳያስፈልጋቸው ከቤት እንዳንወጣ ያደርጉን ነበር። ከዚህ መጽሐፍ እሳቸው ይሻላሉ።

ከቱሉ ዲምቱ፦
በዚያ ወሬ ስንት ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ከጎረቤቱ እንደተገለለ ባይረሳ መልካም ነው። በእርግጥ ስቶከርም ከሩቅ አገር የመጣውን ሰው ነው ጭራቅ ያደረገው፤ እኔን ቅር ካሰኙኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ተናጋሪው፦
አሁን ደግሞ ከፍርሃት ወደ ፍርድ ገባን። ጥያቄው መጽሐፉ ያስፈራል ወይስ አያስፈራም የሚል ነበር።

ከየካ አባዶ፦
ጥያቄው «አልገባውም» የሚለው ነበር፤ እሱን እስኪያነሱልኝ ሌላ አልመልስም።

ሌላ የየካ አባዶ ነዋሪ፦
ይቅርታ፣ እኔም እዚያው ብሎክ ነው የምኖረው። ያ የሰማችሁት የጥበቃው ውሻ ነው።

ከየካ አባዶ፦
ጅብ ነው።