ፈቃድ ያለው ክላሽ፣ 300 ሺህ ብርና «ቤቴን የምጠብቅ እኔ ነኝ»፦ ከየቱ ልጀምር?

የበረሳ ማዶ፦
ሰላም ለቤቱ። ፈረንጆቹ ሊበርታሪያን የሚሉት ዓይነት ሰው ነኝ፤ መንግሥት እጁን ከሰው ኪስና ከሰው ደጅ ቢሰበስብ ደስ ይለኛል። ቤትንም ጥሪትንም የሚጠብቅ ባለቤቱ ነው ብዬ አምናለሁ። አሜሪካኖቹ መሣሪያ የመያዝ መብትን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1791 ሕገ መንግሥታቸው ላይ ጨምረውታል፤ በ2008 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በሄለር ጉዳይ፣ ቤትን ለመከላከል መሣሪያ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ሲል ወስኗል። እኛ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቤቱ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው፤ ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ በር። ፈቃድ ያለው አንድ ክላሽና 300 ሺህ ብር አለ። ሌሊት አጥር ዘሎ ለገባ ሰው ሕጉ እስከ የት ይፈቅድልኛል? ብረቱን በዚህ ብርድና ጉም እንዴት ላኑረው? ብሩንስ? «ዋጋው አይወርድም፣ ሁለተኛ መሣሪያ ግዛበት» የሚሉኝ አሉ።

ነገረ ፈጅ፦
መጀመሪያ ልዩነቱን እንያዝ። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የግል ንብረትን ያስከብራል እንጂ ስለ መሣሪያ የሚለው ነገር የለም። መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድ የሚያዝ ነው፤ ፈቃዱም የሰው እንጂ የብረቱ አይደለም። አባት ሲሞት ልጅ ብረቱን ከነፈቃዱ አይወርስም፤ ማሳወቅና በስሙ መጠየቅ አለበት። ወረቀትህ ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አሃዝ በአሃዝ መግጠሙን ዛሬውኑ እይ። አንድ አሃዝ በስሕተት ተጽፎ ከሆነ ፍተሻ ላይ ፈቃድ እንደሌለህ ልትቆጠር ትችላለህ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን አያስቀጣም፤ ሦስት ነገር ግን ይጠይቃል። ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ሰው የሚወድቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። በጉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ አጥሩ የሚሮጥ ሌባ ጀርባውን ሰጥቶሃል፤ ሕይወትህ ላይ የተቃጣ ነገር የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 ንብረትህን ሊነጥቅ የመጣውን በጉልበት እንድትመልስ፣ የተወሰደብህንም ወዲያው ተከታትለህ እንድታስጥል ይፈቅድልሃል። ነጻነት ወዳዶች ይህን አንቀጽ ቢያነቡት ይወዱታል። ነገር ግን ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ጉልበትን ያው አንቀጽ ይከለክላል፤ በበግ ምክንያት መተኮስ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ከልክ ያለፈ እንደሆነ አንቀጽ 79 አለ። ከጥቃቱ በመጣ ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ያለፈ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እስከ መተው ሊሄድ ይችላል። ሰው ሞቶ መከላከሉ ወሰኑን ካለፈ ጉዳዩ በአንቀጽ 541 ይታያል፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ፍርድ ቤቱ መከላከል ነው የሚለውን ጨርሶ ካልተቀበለው ግን አንቀጽ 540 ላይ ትወድቃለህ፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። «ቆሞ ያስጠነቀቀ» እና «ዝም ብሎ የተኮሰ» ሰው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው የሚለየው።

ነገሩ ከደረሰ ቀለሁን አትልቀም፤ ደሙን አትጠብ። ብረቱን አራግፈህ አስቀምጥና ፖሊስም አምቡላንስም ጥራ። ጎረቤት «ቢላ አጠገቡ አኑር» ቢልህ አትስማ፤ ቦታው ላይ የተነካ ነገር ሁሉ ጥሩውን ጉዳይህን ያበላሻል። ያለመናገር መብትና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 አለህ፤ ጠበቃ እስኪመጣ ስምህንና የሆነውን ጥቅል ነገር ብቻ ተናገር።

ዝናር፦
ነገረ ፈጅ «በሌላ መንገድ ማስቀረት» ያለውን ልቀጥል፤ እሱ የሚጀምረው ከበሩ ነው። የቆርቆሮ በር ማጠፊያው ወደ ላይ ተነስቶ የሚወጣ ከሆነ ቁልፉ ለጌጥ ነው። ብየዳ ቤት ወስደህ ከማጠፊያው በላይ የጣት ጫፍ የምታህል ብረት አስበይድ፤ ከዚያ በኋላ አይነሳም። መቀርቀሪያው ጋ እጅ ሾልኮ እንዳይገባ ከውስጥ 40 በ40 ሳንቲሜትር ላሜራ ይለጠፍበት። በፀሐይ የሚሠራ፣ ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት ከ3 ሜትር በላይ ስቀል። ዝቅ ካለ መጀመሪያ የሚሰረቀው እሱ ነው።

አሁን ስለ ብረቱ። ስታራግፍ ካዝናው ይቅደም። ካዝናውን ሳያወጣ የሚስብ ሰው አንዱን አውጥቶ ሌላውን ያጎርሳል፣ ከዚያ «ባዶ ነው» ይላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ ካዝናውን አውጣ፣ ሳብ፣ በዓይንህ እይ፣ በጣትህ ዳስስ። የክላሽ መጠበቂያ ላይኛው ቦታ ላይ ዝግ ነው፤ መካከለኛው ርችት (በተከታታይ የሚተኩስ)፣ ታችኛው ነጠላ ነው። የደነገጠ እጅ ወደ ታች ሲገፋው መጀመሪያ የሚያገኘው ርችቱን ነው። የጭቃ ግድግዳህ ደግሞ ያንን ጥይት አያቆመውም፤ ከግድግዳው ጀርባ ማን እንደሚተኛ ሳታውቅ ቃታ መሳብ የለም።

ስለ ዝገቱ ልናገር፣ እዚህ ከፍታ ላይ ብዙ መሣሪያ የሚገድለው እሱ ነውና። ቀዝቃዛ ብረት እሳት ወዳለበት ቤት ሲገባ ያልበዋል። ካላበው በኋላ ወዲያው በቆዳ ማኅደር ከከተትከው ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ይበላዋል። ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ከዚያ ስስ የመሣሪያ ዘይት። የኑግ ዘይት አትቀባ፤ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ሆኖ ማንቀሳቀሻውን ይይዘዋል። የድሮ የምሥራቅ አገር ጥይት ከተኮስክ የመለኮሻው (ጥይቱ ቂጥ ላይ ያለው ማቀጣጠያ) ጨው ቱቦው ውስጥ ይቀራልና ዘይት ብቻውን አይበቃም። ቱቦውንም የጋዝ ዘንጉንም በፈላ ውኃ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ በዕለቱ ቀባ። ጥይት ላይ ግን ዘይት አይነካም፤ ወደ መለኮሻው ሰርጎ ያከሽፈዋል።

የብረት ሳጥን ካሠራህ ጭቃ ግድግዳ ላይ አትምታው፤ ሳጥኑን ከነምስማሩ ነቅለው ይሄዳሉ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ከውስጥ በብሎን ይታሰር። ጥይቱ በሌላ ቁልፍ፣ በሌላ ክፍል። ቁልፉን ጉበን ላይ ማኖርማ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ጓሳ ሣር፦
የበረሳ ማዶ፣ ስለ ፖለቲካው ትንሽ ልከራከርህ። አንተ ያለኸው ወይ መንግሥት ወይ አንድ ሰው ከነክላሹ ነው። እዚሁ መንዝ ጓሳን ተመልከት። ሣሩን ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ የተባለው የባለርስቶች ሥርዓት ነው፤ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፣ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በስምምነት ይከፈታል፣ የጣሰ ይቀጣል። ከመሀል አገር የመጣ ዘበኛ አልነበረበትም። ያፈረሰው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው፤ ርስቱ ሲቀር የመከልከል ሥልጣኑም ቀረ። ይህ ለአንተ ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ግን የብቸኛ ሰው ማስረጃ አይደለም።

በተግባር ሲሆን፣ ስድስት ቤት ተስማምቶ የሌሊት ተራ ቢገባ፣ ሁሉም የሁሉንም ስልክ ቢይዝና አንድ የፉጨት ምልክት ቢኖር ሌባው አጥር ሳይነካ ይመለሳል። ተራው የሚፈርሰው ባለገንዘቡ «በእኔ ፋንታ ሰው ልላክ» ሲል ነው። ይህን ገና ሲጀመር ከልክሉ። ተኩስ የእርዳታ ጥሪ እንዳይሆንም ተስማሙ፤ ጎረቤት ለማገዝ ይሁን ለመሸሽ አያውቅም።

ቆጣሪ፦
ሁለተኛው መሣሪያ ኢንቨስትመንት አይደለም። ያለፈቃድ ገዝተህ ብትሸጠው ወንጀል ነው፤ ባንክ በመያዣነት አይቀበለውም፤ ዋጋውም የሚወጣው አገር ሲታመስ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የምትሸጥለትን ሰው አትመርጥም።

ብርን ዝም ብሎ ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ሐምሌ 22 ቀን 2016 አይተናል። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው። ስለዚህ ባንክ ላይ የድንገተኛውን ብቻ አስቀምጥ። ባንክ ቢወድቅ የተቀማጭ መድን ፈንዱ የሚሸፍነው እስከ 100,000 ብር መሆኑንም አትርሳ።

መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ (28፣ 91፣ 182 እና 364 ቀን) በቅናሽ ተገዝቶ በሙሉ ዋጋ ይከፈላል። ለምሳሌ 86,000 ከፍለህ ከዓመት በኋላ 100,000 ብትቀበል ትርፉ 14 ሳይሆን 16.3 በመቶ ነው፤ 14,000 ለ86,000 ይካፈላልና። በባንክህ በኩል ጠይቅ። መንግሥትን የማይወድ ሰው ለመንግሥት ማበደሩ ያስቃል፣ እሱን ከራስህ ጋር ጨርስ።

አክሲዮን ስትገዛ ትርፉን ብቻ ሳይሆን መውጫውን ጠይቅ። ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ነው። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው በጥር 2017 ቢከፈትም ገና ለጋ ነው፤ በአንድ ዓመት የምትፈልገውን ብር አክሲዮን ውስጥ አትክተት።

በእጅህ የምታየውን ከፈለግህ በግ ማድለብ አለ። ሁዳዴ ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ የመንዝ በግ ገዝተህ 55 ቀን ቀልበህ ለፋሲካ ታወጣለህ። ፉርሽካና ፋጉሎውን በ10 ቀን ውስጥ ቀስ እያልክ ጨምር፤ ባንዴ ከሰጠኸው ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። ከረግረግ አካባቢ የመጣ በግ የጉበት ትል ስላለበት ሳይታከም ቢበላም አይሰባም። ከሁሉም በላይ የሚሻለኝ ግን ባህር ዛፍ ነው። በዚህ ብርድ ነጩ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላው ቀዩ ይሆናል። ሩብ ሄክታር ላይ በ1 ሜትር ርቀት 2,500 ችግኝ በሐምሌ ይተከላል። በ5 እና በ6 ዓመት አጣና ይሆናል፤ ከተቆረጠም በኋላ ያቆጠቁጣል። ከምንጭና ከእህል ማሳ ይራቅ። መኪና የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ትርፉ በሸክም ያልቃል።

የበረሳ ማዶ፦
አመሰግናለሁ። ባህር ዛፉ ይስበኛል፤ ግን መሬቱ ኪራይ ቢሆን ዛፉ የማን ይሆናል?

ነገረ ፈጅ፦
መሬት አይሸጥም፤ በጉልበትህና በገንዘብህ ያለማኸው ግን ያንተ ነው፣ አንቀጽ 40 ንዑስ 7። ችግሩ ውሉ ላይ ነው። የ5 ዓመት ኪራይ ይዘህ የ6 ዓመት ዛፍ አትትከል። ውሉ ቢያንስ ሁለት ቆረጣ ይሸፍን፤ በውሉ ማብቂያ ጉቶው የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ የባለይዞታው ሚስትም ስማቸው ደብተሩ ላይ ካለ ይፈርሙ። ከዚያ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግብ።