ፊት የሌለው ፖስተር

ግራፊክሷ፦ ትናንት አንድ ልጅ የ12 ደቂቃ ፊልሙን ፖስተር እዚህ ግሩፓችን ላይ ለጠፈ። ደፍ ላይ የተቀመጠ አንድ እግር በረባሶ፣ ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነ። ሌላ ምንም የለም። የፒያሳው ደግሞ «ፊት የሌለው ፖስተር ፖስተር አይደለም» አለው። ልጁ ወዲያው አነሳው። ሲያናድደኝ አደረ።

የፒያሳው፦ ያልኩትን አላነሳም። ያደግኩት ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ፖስተር እያየሁ ነው። ሰውን የሚያቆመው ፊት ነው። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» ይልና ትኬት ይቆርጣል። ጫማ አይቶ ማን ይገባል?

ኤዲተሩ፦ የምን ትኬት? ለአጭር ፊልም መቼ ተሰልፈን እናውቃለን? የሚታየው ፌስቲቫል ላይ ነው፣ ከሌሎች አጫጭር ፊልሞች ጋር ተደርድሮ። ፖስተሩም ስልክ ላይ ጥፍር አክሎ ነው የሚታየው። ስድስት ፊት ብትደረድርበት ስድስት ነጥብ ይሆናል።

የፒያሳው፦ ስድስት ማን አለ? አንድ ፊት ይበቃል።

ግራፊክሷ፦ አንዱ ፊት የታወቀ ተዋናይ ከሆነ ነው። አጭር ፊልም ላይ የሚተውነው ጓደኛችን፣ ጎረቤታችን ነው። አሜሪካዊው ዲዛይነር ሶል ባስ በ1959 «አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር» ለተባለው ፊልም የሠራውን ፖስተር እዩት። የተቆራረጠ የሰው ቅርጽ ብቻ ነው። ፊት የለውም፣ እስከ ዛሬ ግን እንማርበታለን።

የፒያሳው፦ እዚያው ፖስተር ላይ የታዋቂው ተዋናይ የጄምስ ስቱዋርት ስም አለ! ስሙ የፊቱን ሥራ ሠራለት። ይህ ልጅ የማንን ስም ይጻፍ?

ከሜሪላንድ፦ እውነቱን ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለአንድ ፊልም ምርቃት የሐበሻ ሱቅ መስኮት ላይ ፖስተር ለጥፈን ነበር። እናቶች ቆመው «የማን ልጅ ናት?» እያሉ ነው የመጡልን።

ኤዲተሩ፦ ከፊቱ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ የፌስቲቫል ቅጠል ነው፣ ያ ፊልሙ ተመርጧል ለማለት ፖስተር ላይ የሚደረገው የቅጠል ጉንጉን ምልክት። ስምንት ጉንጉን ተደርድሮ ርዕሱ አይታይም። ከፍለህ የምትገባበት ሁሉ ቅጠል ይሰጣል እኮ።

ተማሪዋ፦ ሁሉንም አንድ ላይ አትፍረዱብን። እኔ አንድ ቅጠል ነው ያለኝ። እናቴ ፖስተሩን ሳሎን የሰቀለችው በሱ ምክንያት ነው።

ግራፊክሷ፦ አንድማ ያምራል። ፖስተሩ ግርጌ የሠሪዎቹ ስም የሚደረደርበት ቀጭን ጽሑፍ ነው የሚገርመኝ። ሆሊውድ ውስጥ የስም ቁመት ከርዕሱ ጋር ተመጣጥኖ በውል ይወሰናል። ስለዚህ ቁመቱን ጠብቀው ወርዱን አጠበቡት። እኛ እንዲህ ያለ ውል ሳይኖረን ፊደላችንን ለምን እናንቀዋለን? ባለፈው «ሉልሰገድ»ን «ሊልሰገድ» ብዬ አነበብኩት። የሉ ጭረት ወገቡ ላይ ነው፣ የሊ እግሩ ላይ። ወርዱ ሲጠብ ጭረቷ ትጠፋለች።

የፒያሳው፦ በፊደሉ እስማማለሁ። በጫማው አልስማማም።

ባለፊልሙ፦ በረባሶው የአባቴ ነው። ፊልሙ ውስጥም ፊቱ አንዴም አይታይም፣ ሲመጣ ሲሄድ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ፊቱን ከየት አምጥቼ ልለጥፍ?

የፒያሳው፦ ይህን አላወቅኩም ነበር። ግን መንገደኛውም አያውቅም እኮ፣ ወንድሜ።

ግራፊክሷ፦ እንዲያውቅ ገብቶ ይይ! አንተ ልጅ፣ መልሰህ ለጥፈው።

የፒያሳው፦ ይለጥፈው። ቢያንስ የልጁ ፊት ከጎን ይግባበት።

ኤዲተሩ፦ አሁንም ፊት?