«ሁሬም ሱልጣን» መባሉ የትርጉም ስሕተት ነው?

ጠያቂ፦
ስለ ኦቶማን ቱርኮች ንጉሥ ስለ ቀዳማዊ ሱሌይማን ቤተ መንግሥት የሚተርከውን፣ በአማርኛ ተተርጉሞ የሚቀርበውን የቱርክ ተከታታይ ድራማ በቅርቡ መከታተል ጀምሬአለሁ። ሱልጣን ማለት ንጉሥ ማለት ነው ብዬ ነበር የማውቀው፤ በድራማው ግን የንጉሡ እናትም፣ ሚስቱም፣ ትንሿ ልጁም «ሱልጣን» እየተባሉ ይጠራሉ። ደግሞም በአንድ ትዕይንት የንጉሡ ልጅ ሙስጠፋ «አልጋ ወራሹ» ሲባል ሰማሁና ወዲያው እናቱ ማሂደቭራን ዙፋኑ ከልጄ እጅ ይወጣል ብላ ስትጨነቅ አየሁ። አልጋ ወራሽ ከሆነ ጭንቀቷ ከምን የመጣ ነው? የተርጓሚዎቹ ስሕተት ነው ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ?

አንደኛ መላሽ፦
ሴቶቹ «ሱልጣን» መባላቸው ስሕተት አይደለም። ኦቶማኖች ገዥውን ሲጠሩ ማዕረጉን ከስሙ አስቀድመው «ሱልጣን ሱሌይማን» ይላሉ፤ ለቤተሰቡ ሴቶች ሲሆን ግን ከስም አስከትለው «ሚህሪማህ ሱልጣን» ይላሉ። ተርጓሚው «እቴጌ» ቢል ለጆሯችን ይቀል ነበር፤ ይሁን እንጂ እቴጌ ስንል ዘውድ የጫነች ንግሥት ትታየናለች፣ ሁሬም ግን ከዛሬዋ ዩክሬን ምድር ተማርካ በባርነት የገባችና ሱሌይማን በ1530ዎቹ በሕግ ያገባት ሴት ናት። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ መተዋቸው ደግ አድርገዋል እላለሁ።

«አልጋ ወራሽ» ግን የታሪኩን ጉልበት የሚሰብር ትርጉም ነው። የቱርክኛው ቃል «ሸህዛዴ» ሲሆን «ልዑል» ቢባል በበቃ ነበር። በዚያ ዘመን አስቀድሞ የተሾመ ወራሽ አልነበረም፤ የንጉሡ ወንዶች ልጆች ሁሉ ለዙፋኑ እኩል ተስፋ ነበራቸው፤ አንዱ ሲነግሥም ወንድሞቹ፣ የነገሥታት ዘር ደም መፍሰስ የለበትም ስለሚባል፣ ታንቀው ሊገደሉ ይችሉ ነበር። ሦስተኛው መህመድ በ1595 ሲነግሥ 19 ወንድሞቹን አስገድሏል። እንግዲህ ማሂደቭራን የምትፈራው ሥልጣን ማጣትን ብቻ ሳይሆን የልጇን ሞት ነው፤ ፍርሃቷም ከንቱ አልነበረም፣ ሙስጠፋ በ1553 በአባቱ ትእዛዝ በጦር ሰፈሩ ድንኳን ውስጥ ታንቆ ሞቷልና።

ሁለተኛ መላሽ፦
መጨረሻውን ባይነግሩን መልካም ነበር፤ ጠያቂው ገና ጀማሪ መሆናቸውን ጽፈዋል።

በትርጉሙ ላይ እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚያኖር፣ ተዋናዩ ከንፈሩን ሲገጥም የአማርኛው ድምፅም አብሮት ማረፍ ይቀለዋል። ችግሩ ጾታው ላይ ነው። ቱርክኛ ለእሱም ለእሷም «ኦ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ስላለው፣ አንድ አገልጋይ መርዝ ጨማሪውን አይቻለሁ ሲል ጨማሪው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ በአማርኛ ግን «አየኋት» ባለ ቅጽበት ሐረሙ (የቤተ መንግሥቱ የሴቶች ክፍል) በሙሉ ተጠርጣሪ ሆኖ፣ ክፍሉ እስኪያልቅ ሊደበቅ የታሰበው ምሥጢር ግማሹ ይወጣል። ብልኅ ተርጓሚ በአንቱታ «አየኋቸው» ብሎ ያመልጣል፤ ተጠርጣሪዋ ተራ ገረድ ስትሆን ግን ይህም አያዋጣም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የማሂደቭራንን ትዕይንት ደግሜ ሳየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በሩን ቀና ብላ የምታየው ለምን እንደ ሆነ ገባኝ። የሙስጠፋን ነገር ግን ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር፤ አሁን ፈገግ ባለ ቁጥር ድንኳኑ ነው የሚታየኝ።