በሁዳዴ ኦፔራ ቤት መሄድ ይገባል?

ቆሞ አድማጭ፦ ሰላም ቤተሰብ። ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ቪየና ነው። የዚህ ከተማ የመንግሥት ኦፔራ ቤት በፈረንጆቹ ጸሎተ ሐሙስ ሰሞን የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዋግነርን «ፓርሲፋል» የተባለ ኦፔራ (በዘፈን የሚተረክ ቲያትር) ማሳየት ልማዱ ነው። ዘንድሮ ፋሲካቸው ከእኛ ስለሚቀድም እኛ ገና ሁዳዴ ላይ ነን። የመቆሚያ ትኬት ቆርጫለሁ። ለእናቴ በስልክ ብነግራት «በጾም? ዘፈን ቤት?» ብላ ዘጋችብኝ። ታሪኩ ጌታ በመጨረሻው እራት የያዘውን ጽዋ ስለሚጠብቁ ወንድማማቾች፣ በጦር ስለቆሰለ ንጉሣቸውና በስቅለት ዓርብ ስለሚመጣ ምሕረት ነው። ልሂድ ወይስ ልተው?

የሰንበት ተማሪ፦ ጠያቂው ራሱ መልሶታል። ገላትያ 5፥21 «ዘፋኝነት»ን ከመግደልና ከስካር ጎን ነው የቆጠረው። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮና ጸናጽሏን አስቀምጣ በመቋሚያ ብቻ ትዘምራለች፤ አንተ ሙሉ ኦርኬስትራ ፍለጋ ትወጣለህ?

ግሪክኛ አንባቢ፦ ጥቅሱ ላይ ቀስ እንበል። በግሪክኛው ቃሉ «ኮሞስ» ነው፤ ጠጥተው፣ ችቦ ይዘው፣ ሌሊቱን በየመንገዱ እየጨፈሩ የሚዞሩ ሰዎች ፈንጠዝያ። ሮሜ 13፥13 ላይ «ዘፈን» የተባለውም ያው ቃል ነው፣ እዚያም ስካር አብሮት አለ። አንድ ቦታ ተገትሮ አፉን ዘግቶ የሚያዳምጥ ልጅ ኮሞስ ውስጥ አይገባም።

የሰንበት ተማሪ፦ ይሁንልህ፣ ግሪክኛህን ተቀበልኩ። «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ ሁሉ ግን የሚጠቅም አይደለም» የሚለውስ? የከበሮው ጥያቄዬም አልተመለሰም።

የድሮ ነገር ወዳድ፦ ክርክሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በጣሊያን ከተሞችም በዐቢይ ጾም ተራው ኦፔራ ይከለከል ነበር። ጣሊያናዊው የኦፔራ ደራሲ ሮሲኒ ታዲያ በፈረንጆቹ 1818 ኔፕልስ ውስጥ በጾሙ መሐል «ሙሴ በግብፅ»ን አቀረበ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነዋ! ውስጡ ግን የፈርዖን ልጅ ከአንዲት ዕብራዊት ጋር በፍቅር ሲቃጠል ነው የሚታየው። ባሕሩ ሲከፈል ደግሞ የመድረኩ ማሽን ሰዉን ያስቅ ስለነበር፣ በ1819 እዚያ ቦታ ላይ የሙሴ ጸሎት ተጨመረ። ዛሬ ሥራው የሚታወሰው በዚያች ጸሎት ነው። እኛ የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ እንደምንለው፣ እነሱም የጾም ኦፔራ ነበራቸው።

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ ኦፔራ የሚባለውን አላውቀውም። እናትህ ዋግነር ማን ይሁን ምን ግድ አላት? ልጄ እዚያ ብርድ አገር ጾሙን ይጾም ይሆን ወይ ነው ጭንቀቷ።

ቆሞ አድማጭ፦ እጾማለሁ እማ። እስከ 9 ሰዓት እቆያለሁ፣ ሽሮዬን እበላለሁ፣ ኦፔራው 11 ሰዓት ይጀምራል። ከነዕረፍቱ ከ5 ሰዓት በላይ መቆም ነው። ቅዳሴ ያሳደገው እግር አያሳፍረኝም።

ዲያቆኑ፦ እኔን ዘፈኑ አልከበደኝም። የከበደኝ የመጀመሪያው ገቢር ነው። ጽዋው ይገለጣል፣ ኅብስትና ወይን ይታደላል፣ የሚያደርጉት ደመወዝተኛ ዘፋኞች ናቸው። እኛ ከመጋረጃ ውስጥ የምንፈጽመውን እዚያ ትኬት ተቆርጦ ይታያል። ኦርቶዶክሱ ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ ስትራቪንስኪ በፈረንጆቹ 1912 ዋግነር ራሱ ቲያትር ቤት ወዳሠራባት የጀርመን ከተማ ባይሮይት ድረስ ሄዶ አይቶት የተቃወመው ይህንኑ ነው፤ ቲያትር ቤተ ክርስቲያን ልሁን ሲል አልወደደለትም። እስካሁን ከዚያ ገቢር በኋላ ማጨብጨብ በብዙ ቦታ እንደ ነውር ይታያል። ቲያትር ሆኖ ጭብጨባ የሚጠየፈው ምን ቢያምረው ነው?

ቆሞ አድማጭ፦ ዲያቆን፣ ይሄኛው ነክቶኛል። አምና በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው እዚያ ቦታ ላይ ሳላውቀው አማትቤያለሁ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ሲያነሡት አፈርኩ። የምሄደው ግን ለእሱ ብዬ አይደለም። በሦስተኛው ገቢር፣ በስቅለት ዓርብ ጠዋት፣ ሜዳው አበባ ለብሶ ኦቦ የምትባለዋ የትንፋሽ መሣሪያ ዜማውን ቀስ ብላ ትጀምራለች። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር አድሬ በባቡር ስመለስ እሷን ነው የምሰማው። አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ልጅ ሆኜ ካህኑ «እግዚኦ» ብለው ዜማውን ሲጎትቱት ሰዓቴን አይ ነበር። የማይቸኩል ዜማ መታገሥን የተማርኩት ከዚህ ኦፔራ ነው። አሁን እሑድ እሑድ ሰዓቴን አላይም።

የሰንበት ተማሪ፦ ከዋግነር?! የያሬድን ልጅ ዜማ መስማት ያስተማረው ዋግነር! ኧረ ጉድ ነው። (ግን ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።)

ዲያቆኑ፦ የነፍስ አባትህን ጠይቅ። እኔ ፈቃጅ አይደለሁም።

ቆሞ አድማጭ፦ ጠይቄ እመለሳለሁ። ከፈቀዱልኝም የመጀመሪያውን ገቢር ደጅ ቆሜ ላሳልፈው አስቤያለሁ።

ግሪክኛ አንባቢ፦ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም እኮ! በዚያ ብርድ?

የሦስት ልጆች እናት፦ ጋቢ ደርብ።