ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣውን የዲዝል መኪናዬን በተመለከተ ምክር እጠይቃለሁ
ባለ 3 ሊትር ቱርቦ ዲዝል ፒክአፕ መኪናዬ ጭነት ይዞ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወስደውን ረጅም ዳገት ሲወጣ ጉልበት እያጣ ጥቁር ጭስ ስለሚያወጣ የባለሙያዎችን ምክር በአክብሮት እጠይቃለሁ። የአየር ማጣሪያውን በአዲስ ቀይሬያለሁ። ከቱርቦው (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ ከሚልከው መሣሪያ) ወደ ኢንተርኩለሩ (ያንን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል) የሚገባውን የጎማ ቱቦ ስፈታው ከማሰሪያው ሥር እርጥብ ዘይትና እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ፤ ሞተሩ ሲጠፋ የተዘጋ የሚመስለው ይህ ስንጥቅ ቱርቦው አየር ሲገፋ እየተከፈተ የሚያፈስ ይመስለኛል። መካኒኬ ግን ትልቅ ኢንተርኩለር መገጠም አለበት ይላል፤ እኔ ደግሞ የሚያፈስ ቱቦ እያለ ኢንተርኩለር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ኢንተርኩለሩን ሳላወርድ የአየር መስመሩን በምን ያህል የአየር ግፊት ብፈትሸው ይሻላል? ኢንተርኩለሩ ከሞተሩ በላይ የተቀመጠ በመሆኑስ፣ መኪናው ዳገቱን በዝግታ ሲወጣ በኮፈኑ ቀዳዳ የሚገባው አየር ይበቃዋል?